በድሬዳዋ ቤት ውስጥ እንጨት መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ጥግ በትርፍ ሰዓታቸው እንጨት የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አናጢ ሆኖ ለመተዳደር ሳይሆን የቤታቸውን በርጩማና መደርደሪያ በእጃቸው መሥራት የሚወዱ ሰዎች። ስለ እንጨት ሥራ ከውጭ የሚመጣው ምክር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ብርድና እርጥበት ላለበት አገር የተነገረ ነው። ድሬ ሌላ ናት። እዚህ ኮላው ቶሎ ይደርቃል፣ ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ምስጡም እረፍት የለውም። ስለዚህ መልሶቹ የሚነሱት ከሙቀታችን ነው። ሐረር ለምትኖሩ ልዩነት ባለበት ቦታ ለብቻው ጽፌዋለሁ።

ከዚህ በፊት ምንም ሠርቼ አላውቅም። ከምን ልጀምር?

ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል መደርደሪያ። አንድ ጣውላ፣ ሁለት ድጋፍ፣ በቃ። መለካት፣ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ መብሳትና ማለስለስ፣ ሁሉም አሉበት። ቀጥሎ የጫማ መደርደሪያ ሥሩ። ከዚያ በርጩማ። በርጩማ ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ እግሮቹ ዘመም ስለሚሉ ልኬቱ ያስቸግራል። ለጀማሪ ባለ ሦስት እግሩን እመርጣለሁ፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ አይንገዳገድም። አልጋና ቁም ሣጥኑን ለጊዜው ተዉት።

ሐረር ጁገል ውስጥ የቆየ ቤት ያላችሁ ደግሞ ጥሩ መለማመጃ አላችሁ። ከግድግዳው ጋር አብረው የተሠሩት የዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዶች ማዕዘናቸው ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጣውላ ለክቶ፣ ጠርዙን በመላጊያ እያነሱ ልክክ ማድረግ እጅን ያሠለጥናል። ግድግዳውን ግን አትንኩት፤ የሚስተካከለው ጣውላው ነው።

የትኞቹን መሣሪያዎች ልግዛ?

የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮ (አንድ ባለ 12 አንድ ባለ 20 ሚሊ ሜትር)፣ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ሜትር፣ ስኳድራ (የቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) እና ድሪል። በእነዚህ ብቻ ከዚህ በታች የተጠቀሰው አብዛኛው ይሠራል።

ስኳድራውን ሱቅ ውስጥ ፈትናችሁ ግዙ። ቀጥ ያለ ጠርዝ ባለው ጣውላ ላይ አስደግፋችሁ በእርሳስ አንድ መስመር አስምሩ። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጣችሁ እዚያው ቦታ ላይ ድጋሚ አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ካረፉ ስኳድራው ትክክል ነው። እንደ መቀስ ከተከፈቱ መልሳችሁ ስጡት። ጠማማ ስኳድራ ይዞ ቀጥ ያለ ሣጥን የሠራ የለም።

አዲስ መግዛት የግድ አይደለም። ድሬ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች የሙያተኛ ከተማ ናት። በምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠሩ ሰዎች ቤት አሮጌ መሮና መላጊያ ተቀምጦ ይገኛል። ዝገቱ አያስፈራችሁ። ላይ ላዩን ከሆነ በብርጭቆ ወረቀትና በጥቂት ዘይት ይለቃል። የድሮው ብረት ስለት የመያዝ አቅሙ ብዙ ጊዜ ከርካሹ አዲስ ይበልጣል።

ዋናው ነገር ስለት ነው። የደነዘ መሮ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲበዛ ደግሞ መሮው ያመልጣል፤ ሲያመልጥ የሚያገኘው እጅን ነው። ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ላይ ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ይበልጥ ይልማል) ለጥፉ። ዘይት ጠብ አድርጉበት። መሮውን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አዘንብላችሁ ሳሉ። በ1000 ጨርሱ። ጀርባውን ምንጊዜም ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ያዙት። የተሳለ መሮ ለስላሳ እንጨትን ከጫፉ በኩል ሲልጠው የሚወጣው ልጣጭ ሙሉ ነው፣ የተቆረጠውም ቦታ ያብለጨልጫል። ዱቄት ከሆነ ገና አልተሳለም።

ግራይንደር ላይ የእንጨት መጋዝ ገጥሜ ብጠቀምስ?

አይሆንም። ይህን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የተሠራው ብረት ለመቁረጥና ለመሞረድ ነው። ጥርስ ያለው መጋዝ ሲገጠምበት እንጨቱን ይነክስና ወደ ያዘው ሰው ይዘላል። ለመያዝ ጊዜ አይሰጥም። ብዙዎች ደግሞ ትልቅ መጋዝ ለማስገባት ሲሉ መከላከያውን ያወልቁታል። አቦ፣ ጣት አይተካም! ረጅም ቅድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ማሽን ያላቸው እንጨት ቤቶች በትንሽ ክፍያ ይቀዱላችኋል። ልካችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ።

እዚህ የሚገኘው እንጨት የትኛው ነው? የትኛውስ ይሻላል?

በብዛት የምታገኙት ባሕር ዛፍ ነው። ሞራሌው ርካሽና ጠንካራ ነው። ችግሩ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ሚስማር አይቀበልም፤ ሚስማሩ ይታጠፋል ወይም ጫፉን ይሰነጥቀዋል። ቀድማችሁ በቀጭን ፑንታ (የድሪል መብሻ) ብሱት። ለመደርደሪያ ድጋፍ፣ ለሥራ ጠረጴዛ፣ ለአጥር በር ጥሩ ነው። ለመሳቢያ አይሆንም።

የፈረንጅ ጥድ ለጀማሪ የምመክረው ነው። ለስላሳ ነው፣ በመላጊያ ደስ ብሎት ይላጋል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላዋል። ጉጥ ይበዛዋል፤ ጉጡ ጋ ስትደርሱ መላጊያውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት።

ግራቪሊያ ከሐረርጌ ደጋ ይመጣል። ሲላግ የሚወጣው ዝንጉርጉር መልክ በጣም ያምራል። ብናኙ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያሳክካል። ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ኒም ድሬ ውስጥ ጥላው እንጂ እንጨቱ ብዙም አይወራለትም። መንገድ ዳር ሲገረዝ ወይም ግቢ ውስጥ ሲቆረጥ ግንዱ ለማገዶ ይሄዳል። ያሳዝነኛል። መሀሉ ቀላ ያለ ነው፣ ነቀዝም ቶሎ አይደፍረውም። ለሣጥን፣ ለበርጩማ፣ ለልብስ መስቀያ ይሆናል። ሽታና መራራነት ስላለው ምግብ ለሚነካ ዕቃ አታድርጉት። ስትፈጉት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ፕሮሶፒስን ሁላችንም የምናውቀው በክፋቱ ነው። የግጦሹን መሬት ወሮታል፣ እሾሁ የወጋው ቦታም ያብጣል። እንጨቱ ግን ከባድና ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅም የሚያጥረው ከአብዛኛው እንጨት ያነሰ ነው። ድሬን ለመሰለ ደረቅ አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ግንዱ ጠማማና ቀጭን ስለሆነ ሰፊ ጣውላ አይወጣውም። ለመዶሻ እጀታ፣ ለቢላ እጀታ፣ ለበርጩማ እግር ግን ወደር የለውም። ማገዶ ሻጮች ዘንድ ከክምሩ መሀል ቀጥ ቀጥ ያለውን ምረጡ። 

ወይራም በማገዶና በጭስ እንጨት መልክ ይመጣል። ክንድ የሚያክል ቁራጭ ካገኛችሁ አታንድዱት። ማማሰያ፣ የሊጥ መዳመጫ፣ የቅመም መውቀጫ ዘንግ ይወጣዋል።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ስማቸው ተጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው የቆዩ ዛፎች ናቸው። ዋንዛ ከፈለጋችሁ ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ ከተሰበረ አልጋ፣ ከድሮ ጠረጴዛ ፈልጉ። እንዲያውም ይሄ ይሻላል፤ ለዓመታት የደረቀ ነውና አይጣመምም። መጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት የተደበቀ ሚስማር እንዳለ በማግኔት ፈትሹ።

የሠራሁት ጠረጴዛ ገጹ ከጥቂት ወር በኋላ መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱ ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛው፣ እንጨቱ አልደረቀም ነበር። እንጨት በአካባቢው አየር ልክ እርጥበት ይይዛል፣ ይለቃልም። ከደጋ የመጣ ጣውላ ድሬ ሲገባ ውሃውን መልቀቅ ይጀምራል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። በመካከላችን ደንገጎን ተሻግሮ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለእንጨት ግን ሌላ አገር ነው። ሐረር ላይ አልተነቃነቀም የተባለ ጠረጴዛ እዚህ ሲወርድ ሊከፈት ይችላል።

እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ምንም አያጥርም ማለት ይቻላል። የሚጠበው በስፋቱ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ እርጥበቱ ከ16 በመቶ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። ትንሽ ትመስላለች። ግን ይህን የሚከለክል ጉልበት የለም።

ሁለተኛው ክፍል እዚህ ጋ ነው። ጣውላውን ከግራና ቀኝ ከእግሮቹ ማገር ጋር በኮላና በብሎን ጥርቅም አድርጋችሁ ዘጋችሁት። እሱ መጥበብ ፈለገ፣ ማገሩ አላስጠበበውም። ስለዚህ ከደካማው ቦታ ተሰነጠቀ።

መፍትሔው ለጣውላው መላወሻ መስጠት ነው። ገጹን ከማገሩ ጋር በኮላ አታጣብቁ። በብሎን ብቻ እሰሩት። የብሎኑ ቀዳዳ ማገሩ ላይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ይሁን፤ ሞላላነቱ በጣውላው ስፋት አቅጣጫ ነው። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን በስታችሁ መሀሉን በመሮ ብትከፍቱት ይሆናል። ከብሎኑ ራስ ሥር ሮንዴላ (መሀሉ ክፍት የሆነ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) አድርጉ። መሀል ላይ ያለውን ብሎን ብቻ በክብ ቀዳዳ እሰሩ። እንግዲህ ጣውላው ከመሀል ወደ ግራና ቀኝ እንደፈለገ ይጠባል፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ይሰፋል፤ ጠረጴዛው አይጎዳም።

አሁን የተሰነጠቀውን በተመለከተ፣ ስቱኮ ሞልታችሁ አትለፉት። መላወሻ ካላገኘ ስቱኮው ጎን ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ብሎኖቹን ፍቱ። አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁ በራሱ ጠበብ ይላል። ከዚያ ከዚያው እንጨት የተሰነጠቀ ቀጭን ሽብልቅ በኮላ አስገቡና ሲደርቅ በመላጊያ ደልድሉት።

እርጥብ ጣውላ ገዝቼ ቤት ውስጥ ማድረቅ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ትዕግሥት ብቻ ነው። ችግራችን እንጨቱ አለመድረቁ አይደለም፣ ከመጠን በላይ ፈጥኖ መድረቁ ነው። ውጭው ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ በዚያ መሀል ይቀደዳል። በተለይ ጫፎቹ።

ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን ሁለቱን ጫፎች በቀለም ወይም በቀለጠ ሰም ሸፍኑ። ነገ ሳይሆን ዛሬ። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ግን ፀሐይ በማይነካው ቦታ ደርድሩ። ከመሬት በብሎኬት አንሱት። በየጣውላው መሀል እኩል ውፍረት ያላቸው ሊስቴሎዎች (ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች) በየ40 እና 50 ሳንቲ ሜትሩ አስገቡ፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ። አናቱ ላይ ድንጋይ ጫኑበት።

መድረቁን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከክምሩ ላይ አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኑ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ እዚህ ጥቂት ወራት ይፈልጋል። የሥራ ቦታችሁ ሌላ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያም ጥቂት ሳምንት ይቀመጥ።

ፓሌት አፍርሼ ብሠራበት ችግር አለው?

የለውም፤ ማኅተሙን ካነበባችሁ። ድሬ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ መተላለፊያ ስለሆነች ፓሌት እንደ ልብ ነው። አብዛኛው ከውጭ የመጣ ለስላሳ እንጨት ነው። ከአገር አገር የሚዘዋወር ፓሌት ጎኑ ላይ የስንዴ ዘለላ ምልክት ያለው ማኅተም አለው። አጠገቡ ካለው ጽሑፍ መሀል እንጨቱ እንዴት እንደታከመ የሚገልጹትን ሁለት የላቲን ፊደላት ፈልጉ። ኤች እና ቲ ከሆኑ በሙቀት የታከመ ነው፤ መሀሉ 56 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። እሱን ተጠቀሙ። ኤም እና ቢ ከሆኑ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ለቤት ዕቃ ተዉት። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት፣ የሚሸትም ከሆነ ማኅተሙ ምንም ቢል ለአጥር እንኳ አታድርጉት። ታክሞም ቢሆን ለመክተፊያ አልመክረውም፤ ምን እንደተጫነበት አታውቁም።

ኮምፔንሳቶ፣ ኤምዲኤፍ፣ ወይስ ችፑድ?

ኮምፔንሳቶ። የተጣበቁት ሽፋኖች የእንጨት መስመራቸው ስለሚቆላለፍ ሙቀቱ ብዙ አያጣምመውም። ለመሳቢያ ወለል፣ ለመደርደሪያ፣ ለጠረጴዛ ገጽ ይሆናል። ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ) ቀለም ለሚቀባ ሥራ ልስልስ ያለ ነው፤ ከጎኑ ብሎን ስታስገቡ ግን ይሰነጠቃል፣ ብናኙም መጥፎ ነው። ችፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የተሠራ) ውሃ ሲነካው ያብጥና አይመለስም። ሙሉው ቁራጭ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ባጃጅ ላይ ከመታገል ሱቁ ውስጥ አስቀድዳችሁ ብትወስዱት ይሻላል።

ነጩ ኮላ ሳልገጣጥም ይደርቅብኛል። ምን ላድርግ?

ጠዋት በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ አጣብቁ። በድሬ የቀትር ሙቀት ነጭ ኮላ ከተቀባ በኋላ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። ኮላውን ከማውጣታችሁ በፊት ሁሉንም በደረቁ ገጣጥማችሁ ሞክሩ። የትኛው ቀድሞ እንደሚገባ፣ መዶሻው የት እንዳለ ይታወቅ። ብዙ መጋጠሚያ ካለ በአንዴ አትጣደፉ። ዛሬ ሁለቱን ጎን፣ ነገ መሀሉን። አንድ ሰዓት ታስሮ ይቆይ፤ ጭነት የሚችለው ግን በማግሥቱ ነው። ጣሳውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡት።

ሞርሴቶ (የተጣበቀ እንጨት አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) የለኝም። ማጣበቂያ ላይ በምን ልሰር?

በከመነዳሪ። የባጃጅ ወይም የብስክሌት አሮጌ ከመነዳሪ ከጎሚስታ ቤት ለምኑ። በሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ረጅም አድርጋችሁ በመቀስ ቅደዱት። እየሳባችሁ ደራርባችሁ ጠምጥሙ። በእያንዳንዱ ዙር ጉልበቱ ይጨምራል። ለክብና ለዘመም ዕቃ፣ ለወንበር እግር፣ ከሞርሴቶ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ሰፊ ጣውላ ጎን ለጎን ለማጣበቅ ደግሞ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሞራሌ ምቱና በመሀሉ ሁለት ሽብልቅ ከተቃራኒ አቅጣጫ እየመታችሁ አስጠብቁ።

ረከቦት መሥራት እፈልጋለሁ። ልኩ ስንት ነው?

ደንብ የለውም። የሚነሳው ከቤታችሁ ሲኒ ነው። ሲኒውን ከነማስቀመጫው አፉን ለኩ። ለእያንዳንዱ ከዚያ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ሲኒው 8 ሳንቲ ሜትር ቦታ የሚይዝ ከሆነና 12 በአራት በሦስት ብትደረድሩ 32 በ24 ይሆናል። ጀበናው እዚያው እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ 20 ያህል ጨምሩ። ስለዚህ ገጹ 55 በ30 ቢሆን ይበቃል። ቁመቱ እናቶች የሚቀመጡባትን በርጩማ አይቶ ነው፤ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር አብዛኛው ቤት ይስማማል። የምታፈላዋን ሰው አስቀምጣችሁ ክንዷን ዘርግታ ትለካ። እሷ ሳትለካ አትቁረጡ።

ገጹን ከ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ዙሪያውን ከዋንዛ ወይም ከጥድ ሊስቴሎ አድርጉት። ዙሪያው ከገጹ በላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሲኒ እንዳይንሸራተት። ማዕዘኖቹን 45 ዲግሪ ቆርጣችሁ በኮላ ስታጋጥሙ ኮላው ብቻ አይበቃም፣ በየማዕዘኑ በቀጭን ፑንታ ብሳችሁ የእንጨት ችካል ምቱበት። እግሮቹን ከገጹ ሥር ካለው ማገር ጋር ወንዴና ሴቴ (አንዱ ላይ ምላስ፣ ሌላው ላይ ማስገቢያ ቀዳዳ) አድርጉ። ሴቴውን በመሮ ስትፈለፍሉ ከእግሩ ውፍረት ሲሶውን አትለፉ።

ቅቡ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ የሚያብለጨልጭ የእንጨት ቅብ) አይሁን። ያምራል፣ ግን ትኩስ ሲኒ ሲያርፍበት ነጭ ቀለበት ይጥላል። ቫርኒሽ ወይም የተልባ ዘይት ይሻላል። ከሰል ማንደጃውም ከረከቦቱ ራቅ ይበል።

ሪሃል ወይም አትሮንስ ጀማሪ ይሠራዋል?

በጅማሬ አይደለም፣ ግን ብዙ አይርቅም። ሁለቱም ታጣፊ የመጽሐፍ ማስቀመጫዎች ናቸው። የአትሮንሱ አሠራር ይቀላል። ሁለት ክፈፍ ሠርታችሁ መሀል ለመሀል በአንድ ዘንግ ታያይዛላችሁ፣ ከላይ ቆዳ ትወጥራላችሁ።

ሪሃል ከአንድ ጣውላ ያለ ማጠፊያ ብረትና ያለ ኮላ ሲወጣ ነው ውበቱ። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ያዙ። ከመሀሉ ከፍ ብሎ ጠባብ የማጠፊያ መስመር አስምሩ፤ በስፋቱ አምስት ወይም ሰባት ጥርስ ይከፈል። ጥርሶቹ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እስከ ግማሽ ውፍረት ድረስ በመሮ ክብ ይደረጋሉ። ከዚያ ጣውላው ከላይም ከታችም ከጫፉ በቀጭን መጋዝ በውፍረቱ ለሁለት እስከ ጥርሱ ድረስ ይሰነጠቃል። ተጠንቅቃችሁ ስትከፍቱት ጥርሶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይዞራሉ። መጋዙ ከመሀል ከሳተ ግን ሥራው ያበቃል፤ ስለዚህ በርካሽ ጥድ ተለማመዱ። ጉጥ ያለበት ጣውላ አይሆንም።

ለቅብ የምግብ ዘይት ብጠቀም ምን አለው?

የትኛው ዘይት እንደሆነ ይወስነዋል። በብዛት የሚሸጠው የፓልም ዘይት አይደርቅም። እንጨቱ ላይ እንደተለጠፈ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል፣ ቆይቶም ይሸታል። የተልባ ዘይት ግን አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። የኑግ ዘይትም ንጹሕ ከሆነ ይደርቃል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ሁለቱም የሚበሉ ስለሆኑ ለመክተፊያና ለማማሰያ ይሆናሉ።

በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ያልጠጣውን ጥርግ አድርጉ። የቀረው ቅባት ነው የሚያጣብቀው። ሲደርቅ ድገሙ። በእኛ ሙቀት የተልባው አንድ ዙር ከጥቂት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ላዩን ለማሳመር አንድ እጅ የማር ሰም ከሦስት ወይም አራት እጅ የተልባ ዘይት ጋር አቅልጡ። ድስቱን እሳት ላይ ሳይሆን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጡት። ሰሙን ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ታገኛላችሁ።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበት ነገር። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል። ተጨምድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ያለ ክብሪት በራሱ ይነዳል። ቀኑ 35 ዲግሪ በሆነ ከተማ፣ ፍቅፋቂ በሞላበት ክፍል፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ጨርቁን ውጭ ሽቦ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ንከሩት። ሳይደርቅ ቆሻሻ ውስጥ አይግባ።

ቫርኒሹ ለምን አረፋ ይሠራል?

ጣውላው ሞቋል ወይም ቫርኒሹ ፈጥኖ ደርቋል። ፀሐይ ከወጣ በኋላ አትቀቡ። አንድ አሥረኛ ያህል አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) ጨምራችሁ አቅጥኑት። ጣሳውን አትነቅንቁ፣ በዘንግ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ከሰዓት የሚነሳው ነፋስ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ከመቀባታችሁ በፊት ወለሉን ውሃ እርጩት። በሁለቱ ቅብ መሀል ባለ 240 ብርጭቆ ወረቀት በለሆሳስ እለፉበት።

ምስጥና ነቀዝ እንዴት ልከላከል?

ሁለቱ ይለያያሉ። ምስጥ ከመሬት ነው የሚመጣው፤ የጭቃ መንገዱን ግድግዳው ላይ ታዩታላችሁ። ዕቃው አፈር አይንካ፣ ከግድግዳም ትንሽ ፈቀቅ ይበል። ግቢ ለሚውል አግዳሚ ወንበር እግሩን ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ አሳርፉት። ነቀዝ ግን ከእንጨቱ ጋር አብሮ ነው የሚገባው። ነጭ ዱቄት ከትንንሽ ቀዳዳ ሲፈስ ካያችሁ እሱ ነው። የሚወደው ነጣ ያለውን የዳር እንጨት ነው፤ ስትገዙ መሀሉን ምረጡ።

ነቀዝ የገባበት ትንሽ ዕቃ ካላችሁ ሙቀታችን ይረዳል። በጥቁር ፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ቀትር ላይ ቆርቆሮ ላይ አስጡት። እንጨቱ እስከ ውስጡ 55 ዲግሪ ካለፈ ትሉ ይሞታል። ለጥቂት ቀን ደጋግሙት። ኮላና ቫርኒሽ ላለበት ዕቃ ግን አታድርጉት፣ ይላቀቃል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥር ምሰሶ ሲቀባ ታያላችሁ። ቤት ውስጥ ለሚገባ፣ እጅ ለሚነካው፣ ልጅ ለሚቀመጥበት ዕቃ በፍጹም። ጤና ይጎዳል፣ ሽታውም አይለቅም።

ጎረቤት እንዳላስቀይም ስንት ሰዓት ልሥራ?

ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች፤ ማሽን አታስነሱ። መላጊያና መሮ ድምፅ የላቸውም፣ በማንኛውም ሰዓት ይሆናሉ። የድሪልና የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ቢሆን ማንም አይከፋም። ብናኙን ግን ነፋስ ወደ ጎረቤት የተሰጣ ልብስ እንዳይወስደው አቅጣጫውን እዩ። መብራት በሄደ ቀን መሮ ሳሉ።

የ10 ዓመት ልጄ አብራኝ መሥራት ትፈልጋለች። ይፈቀድላት?

እንዴታ! ፀጉሯ ይታሰር፣ ሻሽና ነጠላ አይኑር፣ ጫማ ታድርግ። ማለስለስ፣ ዘይት መቀባት፣ መለካት፣ ለስላሳ እንጨት ላይ ሚስማር መምታት ትችላለች። መሮ የምትይዝ ከሆነ እንጨቱ የታሰረ፣ ሁለቱም እጆቿ ከስለቱ ኋላ ይሁኑ። ድሪል ስትይዝ አጠገቧ ቁሙ።

ለመጀመሪያ ሥራዋ ገበጣ ትሥራ። 50 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥድ ስጧት። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ በእርሳስ ትለካና ታስምር። ጉድጓዶቹን እናንተ በሰፊ ፑንታ ጀምሩላት፣ ጥልቀቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። እሷ ብርጭቆ ወረቀት በትንሽ ኳስ ላይ ጠምጥማ ታለስልሰው፤ በ80 ትጀምር፣ በ180 ትጨርስ። በመጨረሻ የተልባ ዘይት ትቀባው። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ይጠራቀማልና እሱን ጥርግ አድርጋ ታውጣው።